ያልሸጥኩት ሙሾ

ስሙን አልጠራም። ኩባንያውን ማለቴ ነው። ከጠራሁ ሌላ ደብዳቤ ይመጣብኛል፤ እኔ ደግሞ የእነሱን ደብዳቤ ጠግቤያለሁ። የኢንሹራንስ ኩባንያ ነው፣ ቸርችል ጎዳና ላይ መስታወት የለበሰ ፎቅ አለው። እዚህ ላይ ይብቃን።

እኔ አስካለ እባላለሁ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ፒያሳ አንዲት ጠባብ በር ሥር ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና መርፌ እሸጣለሁ። እንጀራዬ እሱ ነው። ሰፈሬ ዶሮ ማነቂያ ግን የሚያውቁኝ በክር አይደለም፤ በሙሾ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ዕድሩ ወንበሩን ያወጣል፣ ከዚያ «አስካለን ጥሯት» ይባላል። ገንዘብ አልቀበልም፤ እናቴም ተቀብላ አታውቅም። መጀመሪያ ከሟች እናት ወይም ሚስት አጠገብ ቁጭ እላለሁ፤ እጇን ይዤ አወራታለሁ። ምን ይወድ ነበር? ስንት ሰዓት ይገባ ነበር? ሲገባ ምን ይል ነበር? የነገረችኝን ይዤ እነሣና በእሷ አፍ አለቅሳለሁ። «ልጄ» የምለው እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት። ሐዘን አንደበቷን ሲዘጋው አንደበት እሆናታለሁ። ሙሾ ሲወርድ ያየሁት እንዲህ ነው። ለአንዱ የወረደ ደግሞ ለሌላ አይደገምም፤ ነውር ነው።

ራጉኤል የሞተው ሰፈራችን ለልማት ከመነሣቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው። የእትዬ እንቁ አንድ ልጅ ነበር። ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ከሚሠራበት ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ወደቀ። ሃያ ሰባት ዓመቱ! ቀጣሪው ለቀብር እንኳን ብቅ አላለም። ውል የለው፣ መድን የለው፤ «ራሱ ነው የተንሸራተተው» አሉ፣ አለቀ። እናቲቱ ድንኳን ውስጥ እንደ ግንድ ደርቀው ቁጭ አሉ፤ አያለቅሱ፣ አይናገሩ። እጃቸውን ይዤ ጠየቅኳቸው።

«ማታ ማታ የሰው ቤት መብራት ሠርቶ ሲመጣ፣ በር ላይ ቆሜ እጠብቀው ነበር» አሉኝ።

ተነሣሁና እንዲህ አልኩ፤

የሰው ቤት አብርቶ የሚመጣው ልጄ፣
ዛሬ በጨለማ ቀረሁ ከነደጄ።

ያኔ የእትዬ እንቁ እንባ መጣ። እሳቸው ሲያለቅሱ ድንኳኑ ሁሉ ተነሣ። አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ወደ እኔ ቀጥ አድርጎ እንደቆመ አይቻለሁ፤ ግን ምን እላለሁ? የዘንድሮ ሰው ለቅሶም ሆነ ሠርግ ላይ ስልክ ካላወጣ የመጣም አይመስለው። ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ሰው አየው፣ አለቀሰ፣ ረሳው። እኔም ረሳሁት።

ስምንት ወር አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ፋሩቅ ሱቅ ሳንቲም ልዘረዝር ገባሁ። ፋሩቅ ስልክ ይጠግናል፣ በፍላሽ ፊልምና ዘፈን ይጭናል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የማይጠፋ ቴሌቪዥን አለው። ከቴሌቪዥኑ የራሴ ድምፅ ወጣ።

ጥቁር የለበሰች ቆንጆ አርቲስት በር ላይ ቆማለች። ከኋላዋ የእኔ ድምፅ «ዛሬ በጨለማ ቀረሁ ከነደጄ» ይላል፤ ሥሩ ኪቦርድ ተደርጎበታል። ሁለት ጊዜ ደገሙት። የመጀመሪያዋን መስመር፣ ልጁ ያለባትን፣ ቆርጠው ጥለዋታል። ከዚያ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ መጣ፤ «በጨለማ አይቅሩ! የሕይወት ዋስትናዎን ዛሬውኑ ይግዙ!» ወዲያው ጥርሱን የሚያሳይ ቤተሰብ ሶፋ ላይ ታየ።

«በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ። ለማን እንደጮህኩ እኔም አላውቅ። ቴሌቪዥን በሕግ አምላክ ሲሉት አይቆም።

«እትዬ አስካለ፣ ያንቺ ድምፅ አይደለም እንዴ?» አለ ፋሩቅ።

«የማን ሊሆን ነው?»

«አስፈቅደውሻል?»

«ማን ያየኛል እኔን! ማን ይጠይቀኛል!»

«ወላሂ ክሰሻቸው። ይሄ ቁልጭ ያለ የቅጂ መብት ጥሰት ነው» አለኝ። ይህን ሲል በአንድ እጁ የደንበኛ ፍላሽ ላይ ገና ከሲኒማ ቤት ያልወረደ ፊልም ይጭናል።

«አንተስ? ያ ፊልም የአባትህ ነው?»

«የእኔ ሌላ ነው። እኔ የምወስደው ካላቸው ነው። እነሱ ከሌለው ነው የወሰዱት።»

እውነቴን ነው፣ ከዚህ የተሻለ የሕግ ትንታኔ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ፍርድ ቤት ግን ይዤው አልገባ።

ከሌላ ሰው ሳይሰሙት ልንገራቸው ብዬ በቀጥታ ወደ እትዬ እንቁ ቤት ሮጥኩ። ዘግይቻለሁ። ጎረቤት ጠርቶ አሰምቷቸዋል። በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«የልጄ መቃብር ሳይደርቅ ገበያ አወጣሽው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ በማርያም፣ እኔ ምንም አላውቅም፤ ዛሬ ነው ያየሁት—»

«ድምፁ ያንቺ አይደለም?»

«የእኔ ነው፤ ግን—»

በሩን ፊቴ ላይ ዘጉት። ሠላሳ ዓመት የተጎራበትኩት በር ነው። ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁት፤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። በንዴት ነው ያለቀስኩት፣ አልዋሽም።

በሳምንቱ የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ለተክርስቶስ አስጠሩኝ። አራት ኪሎ አንድ ሚኒስቴር መዝገብ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማኅተም የሌለበት ነገር አያምኑም፤ የራሳቸውን ጥርስ ቢያማቸው እንኳን ወረቀት የሚጠይቁ ይመስለኛል።

«አስካለ፣ ሰዉ ሟች ሸጣለች እያለ ነው» አሉኝ።

«አልሸጥኩም፤ እግዜር ያውቃል።»

«እግዜር ይወቅ፤ ዕድሩ ግን ማወቅ አለበት። ከኩባንያው ወረቀት አምጪ። ‹ወይዘሮ አስካለ አልሸጠችልንም፣ ሳናስፈቅዳት ወሰድን› የሚል፣ ማኅተም ያለበት። እስከ ራጉኤል ሙት ዓመት ድረስ ካመጣሽ አመጣሽ። እስከዚያ በዕድሩ ድንኳን ሙሾ እንዳታወርጂ።»

አራት ወር ነበረኝ። አንዲት መስመር ናት፣ ምን አላት ብዬ ነበር። የዋህ!

የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠበቃ ሆነ። አንዷ «ሙሾ የሕዝብ ነው፤ ባለቤት የለውም፤ ምን ትከራከሪያለሽ» ትለኛለች። ሌላው «ታዋቂ አደረጉሽ፣ ምን ቆጨሽ?» ይላል። «ብር ተቀበይና አፍሽን ያዢ» የሚለውማ አይቆጠርም። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሽማግሌ አለ፤ ጉዳዬን ሰምቶ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለኝ።

«ንጉሥ ከወረደ ስንት ዘመኑ!» አልኩት።

«ወንበሩ ባዶ ቀረ ብለሽ ነው?» አለና ማመልከቻዬን ጻፈልኝ።

ማመልከቻዬን ይዤ ቸርችል ወረድኩ። የመጀመሪያ ቀን ዘበኛው «ቀጠሮ አለዎት?» አለኝ። የለኝም፤ ተመለስኩ። ሁለተኛ ቀን አንድ ክራባት ያሰረ ልጅ ወጣና «እሱ የማስታወቂያ ሠሪዎቹ ጉዳይ ነው» ብሎ ወደ ሌላ ቢሮ ላከኝ። ማስታወቂያ ሠሪዎቹ ጋ ሄድኩ፤ ፀጉሩን የጠቀለለ ወጣት «እኛ ከኢንተርኔት ነው ያገኘነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ የሁሉም ነው» አለኝ።

«የእኔም ቤት በሩ ክፍት ነው የሚውለው፤ ገብተህ ድስቴን ትወስዳለህ?»

«እናቴ፣ ይረጋጉ።»

እናቴ ይለኛል! እናቱ ብሆን በጥፊ አሳድገው ነበር።

እንዲህ እየተመላለስኩ ሁለት ወር ሄደ። መሐል ላይ ሰፈር ውስጥ ሁለት ሰው ሞተ። ድንኳን ገብቼ እንደ እንግዳ ከኋላ ተቀመጥኩ። የአንደኛዋ ሟች ልጅ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ ቀረች፤ ማልቀስ አቅቷታል፣ የሚያስለቅሳት የለም። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ነክሼ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እህል አልቀመስኩም። ማታ ከዜና በፊት ደግሞ ያው ማስታወቂያ መጣ። ታክሲ ስገባም አለ። አንዱ ሾፌር አራት ኪሎ ላይ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ «ይቺ ሴትዮ ግን ድምፅ አላት!» አለ። ሴትዮዋ ከኋላው ተቀምጣ የታክሲ ሒሳብ እያወጣች ነበር።

በሦስተኛው ወር የኩባንያው የሕግ ሠራተኛ ተቀበለችኝ። ሊያ ትባላለች፤ ልጄ ልትሆን ትችላለች። ሥርዓት ያላት ልጅ ናት፤ ተነሥታ ጨበጠችኝ፣ ውሃ አስመጣችልኝ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ከመስታወቱ ሥር መኪናው ሁሉ ያለ ድምፅ ይሄዳል።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ኩባንያችን ሠላሳ ሺህ ብር ሊሰጥዎ ፈቃደኛ ነው» አለችና አንድ ወረቀት አቀረበችልኝ። አነበብኩት፤ «ሥራዬን በሙሉ ፈቃዴ ለኩባንያው ሸጬያለሁ» ይላል።

«ልጄ፣ እኔ እኮ አልሸጥኩም።»

«አሁን ይሽጡልና።»

«ብሩን ያዙት። አንድ መስመር ብቻ ጻፉልኝ። ሳናስፈቅዳት ወሰድን በሉ። ሰፈሬ ልግባበት።»

«እሱን መጻፍ አንችልም። ጥፋት ማመን ይሆንብናል።»

«አላጠፋችሁም?»

«እሱን እያልኩ አይደለም።»

«እሺ፤ አጥፍታችኋል?»

«እሱንም እያልኩ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትይው አንቺ ልጅ?»

ፈገግ አለች። ክፋት የለባትም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ክፉ ብትሆን ጮሄባት እወጣ ነበር። «እስቲ ለመዝገብ ያህል ልጠይቅዎት» አለችና እስክሪብቶዋን አነሣች። «ግጥሙ የማን ነው?»

አሁን ሳስበው ራሴን በገዛ ጥፍሬ ብቧጭረው ደስ ይለኛል። ያኔ ግን ሳላስብ፣ ሠላሳ ዓመት ስለው የኖርኩትን አልኩ፤ «የእናቱ ነው። የእትዬ እንቁ።»

«እርስዎ አይደሉም የገጠሙት?»

«እኔ አፍ ነኝ። እሳቸው ነግረውኝ ነው፣ በእሳቸው አፍ ነው ያለቀስኩት። ሙሾ የአውራጁ አይደለም፤ የሐዘንተኛው ነው። የእኔ ነው ማለት ነውር ነው።»

ጻፈችው። ቃል በቃል ጻፈችው። አንብባ አሰማችኝ፤ አንድም ውሸት የለበትም። «ይፈርሙልኝ» አለች፤ ፈረምኩ። እንዲያውም ሥርዓታችንን ስለተረዳችኝ ደስ ብሎኝ መረቅኳት። መረቅኳት እኮ ነው የምላችሁ!

በሁለት ሳምንቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣልኝ። «ግጥሙ የእርስዎ አለመሆኑን በፊርማዎ ያረጋገጡ ስለሆነ ኩባንያችን ከእርስዎ ጋር የሚነጋገርበት ጉዳይ የለም» ይላል። ወደ ማመልከቻ ጸሐፊው ሮጥኩ። አነበበው፣ መነጽሩን አወለቀ።

«ምነው፣ በገዛ እጅሽ!»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች፣ በራሷ አሳጠረች። እውነትና ቃለ ጉባኤ አንድ ነው ያለሽ ማነው? ድምፅሽ አለ ብዬ ልከራከርልሽ እችላለሁ፤ እሱ ግን ዓመታት ይፈጃል። አሁን ቶሎ ሊጠይቃቸው የሚችለው በአንቺው ቃል ባለቤት የሆነችው ሴትዮ ናት። እሷን ይዘሻት ነይ።»

እሷን ይዘሻት ነይ! እትዬ እንቁ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ነጠላቸውን ስበው ፊታቸውን የሚያዞሩትን! ፋሩቅን ላክሁ፤ «የሸጠችው ራሷ ትመልሰው» ብለው መለሱት። ደግሜ ላክሁት፤ ሻይ ጋብዘው፣ ስለ እኔ አንድ ቃል ሳያነሡ ሸኙት። ከዚያ በኋላ ተውኩት። ደክሞኝ ነበር።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ፋሩቅ በሬ ላይ መጣ። «እትዬ እንቁ ይጠሩሻል» አለኝ። ነጠላዬን እንኳን በቅጡ ሳልለብስ ሄድኩ።

ግቢው በሴት ተሞልቷል። የዕድሩ ትልልቅ ድስቶች ተደርድረዋል፣ ሽንኩርት ይከተፋል፣ የታረደው በሬ ሥጋ በየሳፋው ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ድግስ ከየት አመጡት ብዬ ገረመኝ። ስገባ ሁሉም ቢላዋውን አቁሞ አየኝ። እትዬ እንቁ ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ፣ በሩን ዘጉ፣ ዱካ ላይ አስቀመጡኝ።

«ለእርቅ አይደለም የጠራሁሽ» አሉኝ። «ሰው ምን እንደሆነ ላሳይሽ ነው።»

ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«የኩባንያው ሰዎች መጥተው ነበር። ሊያ የምትባል ልጅ። አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ተቀመጠች። የልጄን ፎቶ አየች፣ ከእኔ ጋር አለቀሰች፣ ይቅርታ ያድርጉልን አለችኝ። ለሙት ዓመቱ ይሁንዎ ብለውም ስልሳ ሺህ ብር ሰጡኝ። በሬውን የገዛሁት በእሱ ነው። ይኸው የይቅርታው ወረቀት፤ ፈርሙ አሉኝ፣ ፈረምኩ። አንቺ ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ፣ ይቅርታ ሳትይኝ አራት ወር ሞላሽ።»

«እትዬ፣ ሳይነበብልዎ ፈረሙ?»

«ዓይኔን ሞራ እንደሸፈነው ታውቂያለሽ፤ ማን ያነብልኛል? ልጄ ነበር የሚያነብልኝ። አሁን አንቺ አንብቢው። ነገ ለተክርስቶስ በሰው ሁሉ ፊት ያነበዋል። ስለ አንቺም አለበት ብላኛለች ልጅቷ። ቀድመሽ ስሚው።»

ወረቀቱን ገለጥኩት። «የሽያጭ ውል» ይላል አናቱ ላይ። በአንደኛው አንቀጽ ወይዘሮ እንቁ የግጥሙ ብቸኛ ባለቤት መሆናቸውን አረጋግጠው፣ በስልሳ ሺህ ብር፣ ለዘለቄታውና በማይመለስ ሁኔታ ለኩባንያው ሸጠዋል። በሁለተኛው ኩባንያው ለፈለገው ማስታወቂያ ሁሉ ሊጠቀምበት ይችላል። በሦስተኛው ከእንግዲህ ማንም ኩባንያውን ሊጠይቅ አይችልም። ይቅርታ የሚል ቃል ፈለግኩ፤ ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየሁ። የለም።

አራተኛው አንቀጽ ላይ ስሜን አገኘሁት። «ወይዘሮ አስካለ ይህን ሥራ ለኩባንያው ያልሸጡ፣ ፈቃድ ያልሰጡና ምንም ክፍያ ያልተቀበሉ መሆኑ በሁለቱም ወገን ታውቋል።»

ወይ ጉድ! አራት ወር ደጃቸው የለመንኳት መስመር! ጥፋት ማመን ይሆንብናል ያሉኝ! እኔን ከነገሩ ለማውጣት ሲጠቅማቸው ጊዜ ራሳቸው ጽፈዋታል፤ ሥሯ ደግሞ ክብ ሰማያዊ ማኅተም አለ። አቶ ለተክርስቶስ ነገ ቢያነቧት ከሰው ሁሉ ፊት ንጹሕ ነኝ። ሰፈሬ ገባሁ፣ ድንኳኔ ገባሁ ማለት ነው።

ግን አቶ ለተክርስቶስ አንቀጽ አይዘሉም። የስልክ ቁጥሩን እንኳን ሳያነቡ አያልፉም። አንደኛው አንቀጽ ከአራተኛው ይቀድማል።

«ምን ይላል?» አሉኝ እትዬ እንቁ።

«የሸጡት እርስዎ ነዎት!» የሚለው ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። አልዋሽም፤ ልለው ፈልጌ ነበር። አራት ወር ሙሉ የገረፉኝን ሁሉ በአንድ ቃል ልመልስላቸው ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን የወረቀቱን ጫፍ በጣታቸው እያሻሹ ነበር የሚናገሩት።

«ታውቂያለሽ፣ ልጄ ሲወድቅ የሕንፃው ባለቤት አልመጣም። አሠሪው አልመጣም። ጣቢያ ሄድኩ፣ ነገ ነይ አሉኝ፤ ነገ ሄድኩ፣ ሌላ ነገ አሉኝ። ከሞተ ወዲህ በዚህ በር ገብቶ ይቅርታ ያለኝ ሰው ይሄ ወረቀት ብቻ ነው። ሌሊት ደረቴ ላይ አድርጌው ነው የምተኛው። አንብቢልኝ።»

ወረቀቱን አየሁት። እሳቸውን አየኋቸው። ከውጭ ሴቶቹ ሥጋውን ሲከትፉ ይሰማል።

«ይቅርታ ነው የሚለው፣ እትዬ» አልኩ። «‹በልጅዎ ሐዘን ስለጠፋው ጥፋት ሁሉ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ እናትነትዎን እናከብራለን› ይላል።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው። በሰው አፍ መናገር የለመድኩት ሥራ ነው፤ እንዲህ ያስጠላኝ ግን በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ለነዚያ ሰዎች ይቅርታ ጠየቅኩላቸው!

«ስለ አንቺስ? ምን ይላል ስለ አንቺ?»

አልሸጠችም ይላል ብል፣ ማስረጃ ተብሎ ወረቀቱ ነገ መነበቡ ነው።

«አስካለ ሸጣልናለች ይላል።»

«አላልኩም ወይ!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ። «ነገ ይነበባል!»

«አይነበብ እትዬ፤ በልጅዎ ሞት! እኔ ራሴ እናገራለሁ። በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ፣ ጥፋቴን አምኜ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ወረቀቱን ግን ለእኔ ይስጡኝ። ማንም አያንብበው።»

«አፍረሽ ነው?»

«አዎ፤ አፍሬ ነው።»

እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ዳሰሱት። ከዚያ «በቃሌ ይዤዋለሁ፤ አንዴ ድገሚልኝና ውሰጂው» አሉኝ። ሦስተኛ ጊዜ አልኩላቸው። ወረቀቱን አጥፌ ጡቴ ሥር ከተትኩት።

በማግሥቱ ድንኳኑ ሞልቶ ጸሎቱ አለቀ፤ ምግቡ ቀረበ። አቶ ለተክርስቶስ መዝገባቸውን ከፍተው «ወረቀት አገኘሽ ወይ?» አሉኝ።

«አላገኘሁም» አልኩ። ተነሣሁ። ፋሩቅ ከበሩ ጋ ቆሞ ያየኛል፤ እሱን ላለማየት መሬቱን አየሁ። «ሸጬዋለሁ። የራጉኤልን ሙሾ እኔ ነኝ የሸጥኩት። እትዬ እንቁን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ድንኳኑ አጉረመረመ። አንዷ «አይ ሰው!» ስትል ሰማኋት። አቶ ለተክርስቶስ ቀስ ብለው፣ ፊደሉን እያሳመሩ ጻፉ፤ ከዚያ አነበቡት። ወይዘሮ አስካለ ጥፋቷን በራሷ አንደበት አምናለች፤ ዕድሩ ይቅር ብሏታል፤ ከእንግዲህ ግን በዕድሩ ድንኳን ሙሾ አታወርድም። «ፈርሚ» አሉኝ። ቸርችል ላይ ያ ሁሉ ጠበቃ፣ ያ ሁሉ መስታወት፣ አንዲት ጥፋት ማመን አቅቶት ነበር። እኔ ለመፈረም አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝ።

እትዬ እንቁ በከዘራ ተደግፈው መጡ። ከሰው ሁሉ ፊት አቅፈው ሳሙኝ፤ «እግዜር ይፍታሽ» አሉኝ። ከዚያ ከትሪው ላይ የበሬውን ሥጋ በእንጀራ ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡት።

ትልቅ ጉርሻ ነበር። ሰው ሁሉ ያየኛል። ዋጥኩት።